ያለ ኪኒን እንቅልፍ የሚያክም ሳይኮሎጂስት መሆን ፈልጌ ነበር፣ ሙያው ያዋጣል ወይ?

ቤዛ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳይኮሎጂ እየተማርኩ ነው፣ ባችለሬን ልጨርስ ትንሽ ነው የቀረኝ። አንድ መምህራችን ስለ እንቅልፍ ሲያስተምሩ፣ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣትን ያለ መድኃኒት የሚያክሙ፣ ሙሉ ሥራቸው እሱ ብቻ የሆነ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስቶች አሉ ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉት። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። እዚህ ዲሲ አካባቢ የማውቃቸው አበሾች ግማሾቹ እንቅልፍ የላቸውም። እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ ማታ ማታ ነው የምትሠራው። አጎቴ ኡበር ይነዳል፣ ሲመቸው ሌሊት፣ ሳይመቸው ቀን። ቡና ላይ ሴቶቹ ሲገናኙ «አንቺ ምን ትወስጃለሽ?» ይባባላሉ፣ አንዷ የሌላዋን ኪኒን ትሞክራለች። ሳይኮሎጂስት ጋ ሄጄ እንቅልፌ ተመለሰ ያለ ሰው ግን አንድም ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ። ይሄ እውነተኛ ሙያ ነው? ሰው እንጀራ ይበላበታል? የሕክምና ዶክተር መሆን የግድ ነው? ደግሞስ ያለ ኪኒን በእርግጥ ይሠራል ወይስ «ማታ ቡና አትጠጪ፣ ስልክሽን ዝጊ» ብሎ መመለስ ነው? ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ምንድን ነው? ቤተሰብ «ነርሲንግ ግቢ» እያለኝ ነው፣ የምመልሰው በቂ ነገር የለኝም።

የእንቅልፍ_ክፍል

ቤዛ እህቴ፣ ሙያው አለ። የምተዳደርበት እሱ ነው፣ ከገባሁበትም ቆይቻለሁ። አሜሪካ ውስጥ ቢሄቪየራል ስሊፕ ሜዲሲን ይሉታል። የሕክምና ዶክተር መሆን አይጠበቅብሽም። እኔ የምሠራው በእንቅልፍ ክሊኒክ ውስጥ ከሐኪሞች ጋር ነው፣ እነሱ ኪኒኑንና ማሽኑን ያዛሉ፣ እኔ የቀረውን እይዛለሁ።

ይሠራል ወይ ላልሽው፣ ለቤተሰብሽ ልትነግሪያቸው የምትችይው ይሄን ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ያለበት አዋቂ ሁሉ መጀመሪያ ማግኘት ያለበት ይህን የንግግርና የልማድ ሕክምና ነው፣ ኪኒን ከዚያ በኋላ ይታሰብ ብሏል። በዓመቱ የአውሮፓ የእንቅልፍ ምርምር ማኅበር ያወጣው መመሪያም ተመሳሳይ ነገር አለ። ልብ በይ፣ የ2016ቱን መመሪያ ያወጡት ሳይኮሎጂስቶች አይደሉም፣ ኪኒን የመጻፍ ሥልጣን ያላቸው ሐኪሞች ናቸው።

ሕክምናው ሲቢቲ አይ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ቀጠሮ ነው። «ማታ ቡና አትጠጪ» የሚለው ትንሿ ክፍል ናት፣ እሷ ብቻዋን ሥር የሰደደውን አትነቅለውም። ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

አርተር ስፒልማን የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1980ዎቹ ነገሩን በሦስት ከፈለው። ሰውን ለእንቅልፍ ማጣት የሚያጋልጠው አለ፣ ለምሳሌ ከተፈጥሮው ተጨናቂ መሆን። ከዚያ የሚቀሰቅሰው አለ፦ ሐዘን፣ ስደት፣ ወሊድ፣ ከሥራ መባረር። ሦስተኛው የሚያቆየው ነው። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው የሚያወራልን ስለ ሁለተኛው ነው፤ «እናቴ ከሞተች ወዲህ ነው» ይላል። የእኔ ሥራ ግን በአብዛኛው ሦስተኛው ላይ ነው። ሐዘኑ እየበረደ ሄዶ እንኳ እንቅልፉ አልተመለሰም፣ ለምን? ምክንያቱም ሰውየው እንቅልፍ ያጣበትን ለማካካስ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋ ውስጥ መግባት ጀምሯል፣ ቅዳሜና እሑድ እስከ ረፋድ ይተኛል፣ ከሰዓት ሶፋ ላይ ሸለብ ያደርገዋል፣ አልጋ ላይ ሆኖ ሰዓት ያያል፣ «ዛሬም ካልተኛሁ ነገ ሥራ ላይ ምን ልሆን ነው» እያለ ይገላበጣል። እንቅልፍ እንደ ረሃብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሎ ስትቆረጥሚ ከዋልሽ ራት ሲቀርብ አትራቢም።

አንድ ቀጠሮ ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ታካሚው ለሁለት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ አጭር ማስታወሻ ይሞላል። ስንት ሰዓት አልጋ ገባህ፣ በግምት ስንት ሰዓት እንቅልፍ ወሰደህ፣ ስንቴ ነቃህ፣ መቼ ተነሣህ። ሰዓት እያየ እንዲሞላ አንፈልግም፣ ግምቱ ይበቃናል። አብረን ቁጭ ብለን እንደምራለን። እንበል አልጋ ውስጥ የሚያሳልፈው 9 ሰዓት ነው፣ የሚተኛው 5 ሰዓት ተኩል ነው። ሲካፈል 61 ከመቶ ይመጣል። የምንፈልገው 85 ከመቶና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ አልጋ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ 5 ሰዓት ተኩል እናወርደዋለን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መነሣት ካለበት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት አልጋ የለም። አዎ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ለመጣ ሰው «አልጋ ላይ ያለህን ጊዜ ቀንስ» ነው የምንለው። ፊቱን ብታዪው! ግን ሰውነቱ የእንቅልፍ ረሃብ ያጠራቅማል፣ የተበጣጠሰው ይሰበሰባል። 85 ከመቶ ሲደርስ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ እየጨመርን እንሄዳለን። ከ5 ሰዓት በታች ግን አንወርድም።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 ያስተዋወቀው ነው። አልጋ የእንቅልፍ ብቻ ነው፣ የባልና ሚስት ጉዳይ ሲቀር። ሂሳብ፣ ስልክ፣ ጭቅጭቅ፣ ቴሌቪዥን ከአልጋ ይውጣ። እንቅልፍ እምቢ ሲል ተነሥተሽ ሌላ ክፍል ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ትቀመጫለሽ፣ ዓይንሽ ሲከብድ ትመለሻለሽ። ስንት ጊዜም ይሁን። ጠዋት የመነሻው ሰዓት ግን አይነካም፣ እሑድም ቢሆን።

ይሄ ለሁሉም አይታዘዝም፣ ሙያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ባይፖላር ያለበትን ሰው እንቅልፍ ብትቀንሺ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ የስሜት መነሣሣት፣ ልትገፊው ትችያለሽ። የሚጥል በሽታ ያለበትም እንደዚሁ አደጋ አለው። የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ከሆነ ቀን መንገድ ላይ እንዳያንጎላጅ ታስቢያለሽ። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆም ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ እሱን ሳታጣሪ ወር ሙሉ ስለ ሐሳቡ ብታወሪው አትጠቅሚውም።

ሥራው እንቅልፍ ማጣት ብቻ እንዳይመስልሽ። ተኝቶ ትንፋሹ ለሚቆም ሰው በጭምብል አየር የሚገፋ ሲፓፕ የሚባል ማሽን አለ፤ እሱ ታዞለት ጭምብሉ የሚያፍነው ሰው ወደኔ ይመጣል። መጀመሪያ ቀን ላይ፣ ቴሌቪዥን እያየ ጭምብሉን በእጁ ፊቱ ላይ ብቻ እንዲይዘው እናደርጋለን፣ ሳያስረው። ከዚያ ያስረዋል፣ አየሩ ሳይከፈት። ከዚያ አየሩ ይከፈታል። ከዚያ ቀን ላይ ሸለብ ይልበታል። እንዲህ እያልን ሌሊቱን እንደርስበታለን። ቅዠት አለ። አስደንጋጭ ነገር ደርሶበት በየሌሊቱ ያንኑ ሕልም የሚያይ ሰው፣ ቀን ላይ ሕልሙን ራሱ በፈለገው መንገድ ቀይሮ እንዲጽፈውና በየቀኑ በሐሳቡ እንዲለማመደው ይደረጋል። ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ በ2001 ተደፍረው የነበሩ ሴቶች ላይ ሞክረውት ቅዠቱ እንደቀነሰ አሳይተዋል። የማታ ሠራተኞች አሉ፣ እንደ እናትሽ። አልተኛም የሚሉ ሕፃናትና ያለቀባቸው ወላጆች አሉ። ቀኑ አይሰለችም።

ዳላስ_ነርሷ

እኔ ከታካሚ በኩል ልናገር። ነርስ ነኝ፣ ማታ ነበር የምሠራው። ቀን ፈረቃ ካገኘሁ በኋላም እንቅልፌ አብሮኝ አልተመለሰም። ሌሊት 9 ሰዓት ዓይኔ ይፈጣል፣ ከዚያ በቃ። ዞልፒዴም የሚባለው የእንቅልፍ ኪኒን ታዘዘልኝ፣ ለጊዜው ሠራ። ነርስ ስለሆንኩ የኤፍዲኤን (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ማስጠንቀቂያዎች አውቃቸው ነበር፦ በ2013 ለሴቶች የሚጀመረው መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ዝቅ እንዲል ተደረገ፣ ጠዋት ደም ውስጥ ስለሚቀርና መኪና መንዳት ላይ ስለሚያስቸግር። በ2019 ደግሞ በእንቅልፍ ልብ መሄድና መንዳት ስላመጣ በሳጥን የታጠረው ከባዱ ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት። ይህን እያወቁ በየማታው መዋጥ በራሱ ያስጨንቃል። ሐኪሜን ሌላ ነገር የለም ወይ ብዬ ስወተውታት ነው ወደ ሳይኮሎጂስት የላከችኝ።

እውነቱን ልንገርሽ ቤዛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው። ከበፊቱ የባሰ ይደክምሻል። ሳሎን ተቀምጬ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የልጆች ልብስ ሳጥፍ፣ እንቅልፌ መጥቶ ሊጥለኝ ሲደርስ፣ ገና አንድ ሰዓት ይቀረኛል። ባለቤቴ «ከፍለሽ ነው የምትሰቃይው?» ብሎኛል። ሳይኮሎጂስቷ ግን አስቀድማ በሦስተኛው ሳምንት ምን እንደምጠብቅ ነግራኝ ስለነበር ያዝኩት። ቀስ እያለ ሌሊቱ አንድ ወጥ ሆነ። ነቃሁ ብዬ የምጨነቅበት ነገር ራሱ ጠፋ፣ ብነቃም ተመልሼ እተኛለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ለሙያው የአንቺ ዓይነት ሰው እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ሳይኮሎጂስቷ ጎበዝ ናት፣ ፈረንጅ ናት። በቀን ስንት ስኒ ቡና ትጠጫለሽ ስትለኝ «አንድ ጊዜ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አንድ ጊዜ ነው የሚፈላው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ መሆኑን፣ ሥራ ውዬ ገብቼ ማታ 1 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር መሆኑን በየት በኩል ታውቀው? ካፌይን ከጠጣሽው ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነትሽ ውስጥ አለ። የአገሬ ልጅ ብትሆን በመጀመሪያው ቀን ትይዘኝ ነበር። በመጨረሻ ቡናውን አልተውኩትም፣ ወደ ቅዳሜና እሑድ ቀትር አዛወርኩት፣ ጎረቤቶቼም ለመዱት።

ቀጥተኛው_ሰው

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ለልጅቷ ሌላውን ጎን የሚነግራት ይኑር። ይህ ሕክምና እንዲህ ቀመር ካለው፣ ስልክ ይሠራዋል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያወጣው ሲቢቲ አይ ኮች የሚባል መተግበሪያ በነፃ አለ። እንግሊዝ አገር ናይስ የሚባለው የጤና መመሪያ አውጪያቸው በ2022 ስሊፒዮ የሚባለውን መተግበሪያ ከእንቅልፍ ኪኒን ይልቅ ተጠቀሙበት ብሏል። ታዲያ አሥር ዓመት ተምራ ስትጨርስ ሥራውን ማሽን ወስዶት ብታገኘውስ? ነርሲንግ የሚሏት ቤተሰቦቿ ክፉ አላሰቡላትም። ነርስ ሁለት ሦስት ዓመት ተምሮ ደመወዝ ይበላል። ስደተኛ ቤት ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የእንቅልፍ_ክፍል

ቀጥተኛው፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ እኔም ለታካሚዎቼ ሲቢቲ አይ ኮችን አወርድላቸዋለሁ፣ ማስታወሻውን ስለሚይዝላቸው። ግን ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ በመተግበሪያ ብቻ እናክማለን ያለው ሁሉ አልቀናውም። ሶምሪስት የሚባለው ለእንቅልፍ ማጣት በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መተግበሪያ ነበር፣ በ2020 ከኤፍዲኤ ፈቃድ አገኘ። ያወጣው ፒር ቴራፒዩቲክስ ግን በ2023 ኪሳራ አውጆ ተበተነ፣ ትልቁ ችግሩ ኢንሹራንሶች ለመክፈል ማንገራገራቸው ነበር።

ሁለተኛው ይበልጣል። ቀላል የሆነውን ሰው ስልኩ ይረዳዋል፣ ይርዳውም፣ ደስ ይለኛል። እኔ ጋ የሚደርሰው ግን ቀላሉ አይደለም። ሃያ ዓመት ኪኒን የወሰደ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ካንሰር እየታከመች ያለች፣ ከጦርነት የተመለሰ፣ ሲፓፑን አልችልም ብሎ አልጋው ሥር የደበቀ ነው። «መኝታህን በ45 ደቂቃ ቀንስ» የሚለውን ማሽንም ይለዋል። በአራተኛው ሌሊት ተስፋ ቆርጦ ሊተወው ሲል የሚፈራውን ነገር ሰምቶ የሚይዘው ግን ሰው ነው። ዳላስ ነርሷ የነገረችን የቡናው ነገር ራሱ በቂ ነው።

ደግሞ ባለሙያው ከሚፈለገው በታች ነው። ትልልቅ የእንቅልፍ ማእከላት እንኳ አንድ ወይም ሁለት ሳይኮሎጂስት ይዘው ወረፋው ወራት ይሆናል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ይህን አይቶ ነው የራሱን ሳይኮሎጂስቶችና ሶሻል ወርከሮች በአገር ደረጃ ሲቢቲ አይ ማሠልጠን የጀመረው።

አዲስ_አበባ_ነኝ

እኔ አዲስ አበባ በሥነ ልቦና ሙያ ነው የምሠራው። ቤዛ፣ የጠየቅሽው ስለ አሜሪካ ስለሆነ ብዙ አልገባበትም፣ ግን ከእዚህ የሚታየውን ላካፍልሽ።

እዚህ የእንቅልፍ ክሊኒክ ብሎ ነገር ብዙም አያጋጥምሽም። ሰው የሚመጣው «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ሳይሆን «ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል» ብሎ ነው፣ ውስጡን ስትጠይቂው እንቅልፉ ከሄደ ቆይቷል። ብዙው መጀመሪያ ፀበል ሄዶ፣ ዱዓ አስደርጎ፣ ከዚያ ፋርማሲ ጠይቆ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። በዚህ አልፈርድም። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ራሱን ማረጋጋት ይችልበታል፣ እሱኑ እንጠቀምበታለን። አንዲት እናት ሌሊት ስትነቃ አልጋው ላይ ከመገላበጥ ተነሥታ ወንበር ላይ ሆና ዳዊት እንድትደግም ተስማማን። ከአልጋ መውጣቱ ያው ቡትዚን ያለው ነው፣ ለእሷ ግን የራሷ ሥርዓት ነው። ስለዚህ አልከበዳትም።

ማስታወሻው ላይ ግን ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ሲመጣ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ጠይቃ ትሞላላቸዋለች፣ ወይም የሰዓቱን ነገር በቤተ ክርስቲያን ደወልና በአዛን እንይዘዋለን። «ቅዳሴ ሲገባ ነቅተው ነበር? አዛን ሲል ሰምተዋል?» ስትያቸው በትክክል ይነግሩሻል።

ጫት ደግሞ አለ። ከሰዓት የጀመረ ሰው ሌሊቱን ዓይኑ ፈጦ ነው የሚያድረው፣ በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። ከዚያ ሊተኛ ሲል ዱካክ ይመጣበታል፣ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስለዋል፣ መጮህ ይፈልጋል ድምፁ አይወጣም። ብዙ ሰው ይህን ሰይጣን ነው ብሎ ለማንም ሳይናገር ዓመታት ይኖራል። ጫት የማይቅምም ሰው ያጋጥመዋል፣ በተለይ እንቅልፉ የተዛባበት። በሕልም እንቅልፍ ጊዜ ሰውነት እንዳይንቀሳቀስ ይታሰራል፣ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ እስሩ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፣ ያ ነው። ይህን አስረድቼው ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ሰው ብዙ ነው። ገና አንድ ነገር ሳላደርግለት!

አንቺ አሜሪካ ተምረሽ በአማርኛ ብትሠሪ፣ በስልክና በቪዲዮም ቢሆን፣ እዚህ ላለነውም ትተርፊ ነበር። በአማርኛ የተሟላ የእንቅልፍ ማስታወሻ ቅጽ ፈልገን አጥተን እኛው ነን የሠራነው።

ቤዛ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከዚህ በላይ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ነርሷ፣ የቡናውን ነገር ለእናቴ አነበብኩላት፣ እሷም አሁን ቁጭ ብላ እያሰበችበት ነው።

ዶክተር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ፒኤችዲ ነው ወይስ ሳይዲ (ከምርምር ይልቅ ሕክምና ላይ የሚያተኩረው የሳይኮሎጂ ዶክትሬት) የሚሻለው? ማስተርስ ይዤስ መሥራት አልችልም? ገንዘቡንም ቢነግሩኝ። ሌላው የግል ነው፣ እናቴ ሎራዜፓም ከጀመረች ዓመታት አልፏታል። ይህን ሁሉ ስነግራት «እንግዲያው ከዛሬ ማታ አልውጥም» አለችኝ። ልተዋት?

የእንቅልፍ_ክፍል

ከእናትሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ይቸኩላል። በፍጹም ዛሬ እንዳታቆም። ሎራዜፓም ከቤንዞዳያዜፒን ወገን ነው፣ ለዓመታት ተወስዶ በአንድ ጊዜ ሲቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ኤፍዲኤ በ2020 ስለዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያውን አጠንክሯል። ዛሬም እንደወትሮዋ ትውሰድ፣ የጻፈላት ሐኪም ጋ ትደውልና መቀነስ እንደምትፈልግ ትንገራት። አቀናነሱ በሳምንታትና በወራት የሚሄድ ነው፣ ሲቢቲ አይ አብሮ ሲሰጥ ደግሞ ለመላቀቅ ይረዳል። ይህ በሐኪሟ እጅ ነው፣ እኔም ታካሚዎቼን ኪኒን ቀንሱ አልልም። አብዛኞቹ ስቴቶች ውስጥ ሳይኮሎጂስት መድኃኒት ማዘዝ አይፈቀድለትም፣ መጠኑን መቀየርም ያው ነው። የምንሠራው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ነው። የእናትሽ ፈረቃ ማታ ስለሆነ ለእሷ ሕክምናውም ይለያል። ጠዋት ከሥራ ስትወጣ ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ጥቁር መነጽር፣ መኝታ ክፍሏ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ከሥራ መልስ ሳትውል ሳታድር አንድ የተወሰነ የመኝታ ሰዓት፣ ቤተሰብም በዚያ ሰዓት እንዳይደውልላት። ግን ከሥራ ስትመለስ ራሷ የምትነዳ ከሆነ እንቅልፍ ካጫጫናት መነጽሩ ይቅር፣ በሰላም መግባቷ ይቀድማል።

አሁን ወደ ትምህርቱ። በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ፒኤችዲ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፣ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ በውስጡ አለ። ከዚያ እንደየስቴቱ በባለሙያ ሥር የሚሠራ ሰዓት አለ፣ ኢትሪፕል ፒ የሚባለው ብሔራዊ ፈተና አለ፣ ከዚያ ፈቃድ። የእንቅልፉ ልዩ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ከዶክትሬት በኋላ ባለው ሥልጠና፣ በፖስት ዶክትሬት፣ ላይ ይመጣል፣ በመጨረሻም የዘርፉ ቦርድ የሚሰጠው ዲቢኤስኤም የሚባል የብቃት ማረጋገጫ አለ።

ፒኤችዲና ሳይዲ መካከል ትልቁ ልዩነት ገንዘቡ ነው። ብዙ የፒኤችዲ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናሉ፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብም ይሰጣሉ፣ ምርምር ስለምትሠሪላቸው። ሳይዲ በአብዛኛው ከኪስሽ ወይም በብድር ነው፣ ዕዳው ከባድ ነው። ከስደተኛ ቤት ለመጣ ሰው ይህ ልዩነት ሕይወት ይወስናል፣ ስለዚህ ምርምር ካልጠላሽ ፒኤችዲውን ሞክሪ። ለመግባት ውድድሩ ከባድ ነው፣ ከባችለር በኋላ አንድ ሁለት ዓመት በእንቅልፍ ምርምር ላብራቶሪ ረዳት ሆነሽ ብትሠሪ በጣም ይረዳሻል። አንቺ ያለሽው ሜሪላንድ ነው፣ ዙሪያሽ ባልቲሞር፣ ቤተዝዳ፣ ዲሲ ነው፣ የምርምር ቦታ በመኪና ርቀት ውስጥ አለልሽ። በፕሮፌሰሮቹ ጽሑፍ ግቢ፣ አንብቢ፣ ከዚያ አጭር ኢሜይል ጻፊላቸው። ግማሾቹ አይመልሱም፣ አትከፊ።

ማስተርስ ይዘሽም ይቻላል። ፈቃድ ያላት ሶሻል ወርከር ወይም ካውንስለር ሲቢቲ አይ ሠልጥና ታክማለች፣ ጥሩ የሚሠሩ አውቃለሁ። ጊዜውና ወጪው ያንሳል። ልዩነቱ በትልልቅ ሆስፒታሎች የእንቅልፍ ክፍል ውስጥ የሚቀጠሩት በአብዛኛው ባለ ዶክትሬቶች መሆናቸው ነው፣ ማስተማርና ምርምርም እንደዚሁ። ቤተሰብ ላይ ሸክም ሳትሆኚ ቶሎ ሥራ መጀመር የግድ ከሆነብሽ በዚህ ግቢ።

ደመወዙ፣ በአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2023 መረጃ መሠረት የክሊኒካልና የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂስቶች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ወደ 96 ሺህ ዶላር ነበር። ከሐኪም ያንሳል። ጥሩ ልምድ ካላት ነርስም ብዙ አይርቅም፣ ቀጥተኛው ያለው እውነት ነው። ለገንዘቡ ብቻ ከሆነ ነርሲንግ ይፈጥናል።

ለቤተሰብሽ ግን አንድ ጥናት ንገሪያቸው። ኩቤክ ላቫል ዩኒቨርሲቲ ያለው ቻርልስ ሞሪንና ባልደረቦቹ በ1999 ያወጡት ነው። 78 በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ከፋፍለው ለአንዱ ወገን ይህን ሕክምና፣ ለአንዱ ቴማዜፓም የሚባለውን ኪኒን፣ ለአንዱ ሁለቱንም፣ ለአንዱ ባዶ ኪኒን ሰጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪኒኑም ሕክምናውም ሠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን ሕክምናውን የተማሩት ለውጣቸውን ይዘው ቆይተዋል፣ በኪኒን ብቻ የነበሩት ግን መልሶባቸዋል። እኔ ይህን ሙያ የመረጥኩት እዚህ ላይ ነው። ታካሚዬ ከአምስት ስድስት ቀጠሮ በኋላ ሲሰናበተኝ ሥራውን ራሱ ይሠራዋል፣ ሌላ መጥፎ ወቅት ቢመጣበት ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

ዳላስ_ነርሷ

ቤዛ፣ እናትሽ ሐኪሟ ጋ ስትደውል በቀጥታ «የሲቢቲ አይ ሪፈራል እፈልጋለሁ» ብላ ትጠይቅ፣ ስሙን ጠርታ። እኔ «እንቅልፍ አጣሁ» እያልኩ ስሄድ የሚሰጡኝ ኪኒን ነበር፣ ስሙን ስጠራ ነው ወረቀቱ የተጻፈልኝ። ኢንሹራንሷ እንደሚሸፍነውም ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር አንቺ ደውለሽ ጠይቂላት። ከመሄዷ በፊት ማስታወሻውን ብትጀምር ደግሞ የመጀመሪያው ቀጠሮ አይባክንባትም።

አዲስ_አበባ_ነኝ

የእኛን የአማርኛ ቅጽ ነገ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ለማታ ሠራተኛ ግን አልተሠራም፣ ቤዛ ከእናትሽ ጋር ሞክሪውና የማይመቸውን ንገሪን፣ እናስተካክለዋለን።